የጓሳ ሣርና የመንዝ ሰዎች ቀሮ

በመንዝ ደጋ ባላገር ቤቱን የሚከድንበትን ሣር ለማጨድ ሦስት ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ ዐምስት ዓመት ድረስ ይጠብቅ ነበር። ሣሩ ሩቅ አልነበረም፤ ከደጁ ወጥቶ ቀና ቢል በተራራው ራስ ላይ ሲወዛወዝ ያየው ነበር። ክረምቱ ጠንክሮ ጣራው ቢያፈስበትም፥ ማጭዱን ከግድግዳው ላይ ሰክቶ፥ አሮጌውን ክዳን እየጠጋገነ፥ ዐዋጁ እስኪነገር ይታገሥ ነበር። ይህን ትዕግሥት ያጸናው ሥርዓት ቀሮ ይባላል። በአባቶች ቃል እንደሚተረከው ከ17ኛው ምእት ዓመት ጀምሮ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቆይቷል። ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት የሚተርክ መጽሐፍ በሀገራችን ብዙ ነው፤ ሣር ስለ ጠበቁ ባላገሮች የተጻፈው ግን ጥቂት ስለ ሆነ፥ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይገባል።

መንዝ በሰሜን ሸዋ ያለ ሀገር ነው። አቀማመጡ እንደ አምባ ነው፤ በደቡብ ሞፈር ውኃ፥ በምዕራብ አዳባይና ወንጪት፥ በሰሜንም ቀጭኔ የተባሉት ወንዞች ጥልቅ ገደል ቈርሰው ይከቡታል። በምሥራቅ በኩል ደግሞ የተራራ ሰንሰለት ተዘርግቶ ከይፋት ቆላ ይለየዋል። ከግራኝ አሕመድ ጦርነት በኋላ ሀገሩን እንደ ገና ያቀኑት ማማ፥ ላሎና ጌራ የተባሉ ሦስት አባቶች ናቸው ተብሎ ስለሚነገር፥ እስከ ዛሬ ድረስ ማማ ምድር፥ ላሎ ምድር፥ ጌራ ምድር እየተባለ በስማቸው ይጠራል። የሸዋ ነገሥታት አባት የሚባለው ነጋሢም በ17ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ የተነሣው ከዚሁ ከመንዝ፥ አጋንቻ ከሚባለው ቦታ ነው። ዘሮቹ ግን ኀይላቸው እየበረታ ሲሄድ መንበራቸውን ወደ ይፋትና ወደ አንኮበር አወረዱ። ነገሥታቱ ሲወርዱ ባላገሩ ከብርዱና ከሣሩ ጋር በደጋው ቀረ።

ብርዱ የዋዛ አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ሲነጋ ሜዳው ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። በዚህ ከፍታ ጤፍ አይበቅልም፤ የሀገሩ እህል ገብስ ነው፥ ከእርሱም ጋር ባቄላና ምስር፥ ዝቅ ባለው ቦታም ስንዴ። ብዙው ደገኛ የሚተማመነው በበልግ ዝናም ሲሆን፥ በልግ ደግሞ ቃሉን የማይጠብቅ ጓደኛ ነው፤ አንድ ዓመት አጥግቦ ሁለት ዓመት ይከዳል። ስለዚህ የመንዝ ሰው ሀብቱን ሁሉ በማሳ ላይ አያኖርም። ላቱ የሰባ፥ ጠጕሩ የበዛ በግ ያረባል፤ ጠጕሩ ተፈትሎ ባናና በርኖስ ይሠራበታል። በርኖሱም ከመንዝ ወጥቶ በሸዋ ከተሞች የመኳንንትና የካህናት ልብስ ሆኖ መኖሩን የማያውቅ የለም።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስተውል። እርሻው በበሬ ነው፤ በሬው በግጦሽ ነው። በጉ በግጦሽ ነው፤ ልብሱም በበጉ ነው። ቤቱም በሣር ይከደናል። እንግዲህ የደገኛው ኑሮ ከእህሉ ይልቅ በሣሩ ላይ የተመሠረተ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ማሳው ቢከዳው በጉን ሸጦ እህል ይገዛል፤ ሣሩ ቢከዳው ግን ማሳውም፥ በጉም፥ ቤቱም ባንድ ላይ ይከዱታል።

ጓሳ የሚለው ስም ለሣሩም ለቦታውም ይነገራል። ቦታው በመንዝ ምሥራቃዊ ጫፍ፥ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ፥ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር የሚደርስ፥ ስፋቱም 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የውርጭ ምድር ነው። ከዚያ የሚወርደው ውኃ በሁለት ይከፈላል፤ ወደ ምዕራብ የሚፈሰው ዞሮ ዞሮ ወደ ዓባይ፥ ወደ ምሥራቅ የሚፈሰው ወደ አዋሽ ይገባል። ጅባራው እንደ ዘበኛ ቆሞ ይታያል፤ ጦስኙ በእግር ሲረገጥ ይሸታል፤ አስታውና ጨረንፌው ለማገዶ ይሆናል። ከሁሉ የበለጠ ዋጋ የነበረው ግን ራሱ የጓሳ ሣር ነው። ይህ ሣር ከአንድ ሥር ብዙ ሆኖ በችምችምታ የሚወጣ፥ ቅጠሉ ቀጭንና ጠንካራ ነው። ቤት ሲከደንበት ዝናም አያስገባም፥ ለብዙ ዓመታትም ሳይበሰብስ ይኖራል፤ የአብያተ ክርስቲያናቱም ክዳን ከዚያው ነበረ። ገመድ ይገመድበታል፤ ነዶ ይታሰርበታል፤ እረኛው ክረምት የሚለብሰው ገሳ ይሠራበታል፤ ለመኝታም ይጐዘጐዛል። ይሁን እንጂ የጓሳ ሣር ለማደግ የማይቸኩል ነው። አሁንም አሁንም ቢታጨድ ወይም ሳያገግም በከብት ቢረገጥ ችምችምታው ይሳሳል፥ በስፍራውም ከብት የማይበላው ጨረንፌ ይወርሰዋል። የሣሩ ጠባይ ይህ ስለ ሆነ ጠባቂውም በዚያው ልክ ታጋሽ መሆን ነበረበት።

እንደሚተረከው አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ደጋውን ሲይዙ፥ ጓሳን ለማረሻ ሳይሰጡ ለሣርና ለግጦሽ ለይተው አስቀመጡት፥ በሁለትም ከፈሉት። ከዚያ በኋላ ከእነርሱ የሚወለድ ሁሉ በአጽመ ርስት ደንብ የጓሳ ባለ መብት ሆነ። አጽመ ርስት ማለት የአቅኚው አጥንት ያረፈበት ርስት ማለት ነው፤ ባለ ርስቱም ትውልዱን ቈጥሮ እስከ አቅኚው ድረስ ማድረስ ይገባው ነበር። እንግዲህ የአስቦ ወገንና የጌራ ወገን እየተባለ ባለ መብቱ በሁለት ተለየ፤ ከዚያም በየአጥቢያው ተከፋፈለ።

የጥበቃው ሥራ ግን ለሁሉ ከተተወ ለማንም አይሆንምና ለየወገኑ አለቃ ያስፈልግ ነበር። ይህ አለቃ አባ ቀራ ይባላል። አባ ቀራው በሹመት ከላይ የሚላክ ሰው አልነበረም፤ ባለ መብቶቹ ተሰብስበው ሽማግሌዎች ባሉበት ባንድ ቃል ይመርጡታል። ሥራውም ሦስት ነበር፤ መዝጋት፥ ማስጠበቅ፥ መክፈት። ጓሳ ከተዘጋ በኋላ ማጭድ ይዞ መግባት፥ ከብት መስደድ፥ ማገዶ መልቀም ሁሉ ክልክል ነው። ጉልበት ያለው ወንድ ሁሉ በየተራው ወጥቶ ይጠብቃል፤ ተራውን የቀረም እንደ ሌባው ሁሉ ይጠየቃል። ይህ የመጨረሻው ነገር ለነገሩ ዋና ምሰሶ ይመስላል። ሌባን መቅጣት በየሀገሩ አለ፤ በመንዝ ግን የሚያስቀጣው መስረቅ ብቻ አልነበረም፥ ሲሰረቅ ተኝቶ ማደርም ነበር። ቅጣቱም ቀላል አልነበረም፤ የሚፈርዱትም አባ ቀራውና ሽማግሌዎቹ ስለ ነበሩ ጥፋተኛው በጎረቤቱ ፊት ቆሞ ይፈረድበት ነበር። ሩቅ ዳኛ ጋር ሄዶ በነገር ጥበብ ማምለጥ አይቻለውም፤ የሚፈርዱት ሰዎች በጎቹን በቍጥር የሚያውቁ ናቸውና።

ሣሩ ሲደርስ አባ ቀራው ከሽማግሌዎች ጋር ወጥቶ ያያል፤ በቂ ነው ከተባለ የመክፈቻው ቀን ይቈረጣል። ቀኑም በስውር አይነገርም ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ፥ በገበያም፥ ሰው በተሰበሰበበት ስፍራ ሁሉ ይታወጅ ነበር። ጊዜው በጋው ጠንክሮ በመንደሩ አጠገብ ያለው ግጦሽ ሲመናመን ነው። በተቈረጠው ቀን ባለ መብቱ ሁሉ ማጭዱንና ገመዱን ይዞ ባንድነት ይወጣል፤ ቀድሞ የገባ የለም፥ ስለዚህ ቀደመኝ ብሎ የሚያጕረመርም የለም። በመጀመሪያ የሚታጨደው ሣሩ ነው። አጨዳው ካለቀ በኋላ ከብቱ ይገባና ቃርሚያውን ይግጣል። ክረምቱ ሲገባ ከብቱ ሁሉ ይወጣል፥ ጓሳም እንደ ገና ይዘጋል። ይህን ተራ የሠሩት ሰዎች ትምህርት ቤት ገብተው ስለ ዕፀዋት አልተማሩም፤ ነገር ግን ከብት ቀድሞ ቢገባ ሣሩን ረግጦ ለክዳን እንዳይሆን እንደሚያደርገው፥ በክረምት ረግረጉ ላይ ቢሰማራ ደግሞ ሥሩን እንደሚነቅለው በዐይናቸው አይተው ነበር።

የአዋጁም ጊዜ ከጾምና ከበዓል ቍጥር ጋር የተያያዘ ነበር። ይህ በከንቱ የመጣ ልማድ አይደለም። ሰዓትና የወረቀት መቍጠሪያ በሌለበት ሀገር፥ ገደልና ወንዝ ለያይቶት ለሚኖር ሕዝብ ሁሉ አንድ ሆኖ የሚታወቅ ቀን የበዓል ቀን ብቻ ነው። ጾሙ የሚፈታበትን ቀን ያላወቀ ሰው በመንዝ አይገኝም፤ እንግዲህ ቀሮው በዚያ ቍጥር ላይ ሲንጠለጠል «አልሰማሁም» የሚል ምክንያት ተነቀለ። ምድርን የማሳረፍ ነገር ለካህናቱም እንግዳ አልነበረም፤ በኦሪት ምድር በሰባተኛው ዓመት ታርፍ ዘንድ እንደ ታዘዘ ሲነበብ የሚሰሙ ናቸው። ቀሮ ከኦሪት የተቀዳ ነው ለማለት ማስረጃ የለም፤ ሆኖም በጉባኤ ቤት የሰባተኛውን ዓመት ዕረፍት የተማረ ደብተራ፥ በተራራው ላይ የሦስቱንና የዐምስቱን ዓመት ዕረፍት ሲያይ ትርጓሜ አላስፈለገውም። ቅኔ ዐዋቂ ቢጠየቅ ሣሩ ሰም ነው፥ ከሥሩ የሚመነጨው ውኃ ወርቅ ነው ብሎ ይፈታው ይሆናል፤ ባላገሩ ግን ሰሙንም ይፈልገው ነበር፥ ጣራው ነውና።

ከጓሳ ወዲህ ባለው እርሻም ይኸው የመጠበቅ ልማድ ይታያል። በሰሜን ሸዋ ደጋ ጓይ የሚባል የቆየ የእርሻ ዘዴ አለ። ለብዙ ዓመት ጠፍ ሆኖ የከረመው መሬት ከነሥሩ ይገለበጥና ይደርቃል፤ ከዚያ በክምር በክምር ተደርጎ በኩበት እሳት ውስጥ ውስጡን ይቃጠላል፤ የተቃጠለውም አፈር ይበተንና ገብስ ይዘራበታል። ገብሱ በአንደኛውና በሁለተኛው ዓመት ያማረ ይሆናል። በኋላ ግን መሬቱ ይደክማል፤ ዐሥርና ዐሥራ ዐምስት ዓመት ካልተኛ አይመለስም። መሬት በነበረ ጊዜ አንዱ ማሳ ሲተኛ ሌላው ይነሣ ነበር። ሰው በበዛና ማሳው በጠበበ ጊዜ ግን የዕረፍቱ ዓመት አጠረ፤ ዕረፍት ያጣ አፈር ሲቃጠል ደግሞ ለምነቱ አብሮ ይነዳል። በማሳው ላይ ጠፍን የሚጠብቅ አባ ቀራ አልነበረምና፥ እያንዳንዱ በየራሱ ችግር ልክ አሳጠረው። ያው ሕዝብ፥ ያው ደጋ፥ ያው ዘመን ነው፤ በላይ ያለው ጓሳ ግን ዕረፍቱን አላጣም።

የነገሥታት ጥበቃም በሸዋ ነበረ። የመናገሻ ደን በ15ኛው ምእት ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ፥ ከአንኮበር ወዲህ ካለው ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር መጥቶ እንደ ተተከለ ይነገራል፤ ደኑም እስከ ዛሬ አለ፥ ትእዛዙ መልካም ነበር። ነገር ግን የንጉሥ ደን የሚጠበቀው ንጉሡ በሚፈራበት ዘመን ነው። ጓሳ በንጉሥ ስም ተጠብቆ ቢሆን ኖሮ መንበሩ ከመንዝ ሲወርድ ጥበቃው አብሮ በወረደ ነበር። ነጋሢ ሄደ፥ ዘሮቹ ሄዱ፥ በ1848 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ሸዋን ያዘ፥ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ክፉ ቀን መጥቶ የሀገሩን ከብት በበሽታ ፈጀ፤ በዚህ ሁሉ መካከል አባ ቀራ ሲሞት ሌላ አባ ቀራ ይመረጥ ነበር።

ይህን ያህል ከተመሰገነ በኋላ ግን ስለ ቀሮ ሌላውን ወገን አለመናገር ዐድልዎ ይሆናል። መብቱ የአስቦና የጌራ ልጆች ነበረ፤ ከእነርሱ የማይወለድ ሰው፥ በዚያው አጥቢያ ተወልዶ በዚያው ቢያረጅ እንኳ፥ ከጓሳ አንዲት ነዶ የማጨድ ሥልጣን አልነበረውም። ከሌላ ሀገር መጥቶ የሰፈረ፥ የሰው መሬት የሚያርስ ጢሰኛ፥ ትውልዱን ቈጥሮ ከአቅኚው ማድረስ የተሳነው ሁሉ በተራራው ላይ የሚያየው ሣር የሌላ ነበር። እነዚህም ጣራ ነበራቸው፥ ዝናምም ይወርድባቸው ነበር። ሣሩ የዳነው አንድም በትዕግሥት፥ አንድም የተካፋዩ ቍጥር በትውልድ አጥር ስለ ታጠረ ነው።

ይህ ነገር የመንዝ ብቻ እንዳይመስል፥ በተራራ የሚኖር ሌላ ሕዝብ ምን እንዳደረገ ማየት ይጠቅማል። በስዊስ ሀገር፥ ቫሌ በሚባለው ክፍል፥ ቶርበል የምትባል የተራራ መንደር አለች። የመንደሯ ሰዎች እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1483 ዓ.ም. ተሰብስበው ስለ ተራራው ግጦሽና ስለ ደናቸው የጽሑፍ ውል ተፈራረሙ። በ1517 ዓ.ም. ደግሞ ማንም ሰው በክረምት በራሱ ድርቆሽ መቀለብ ከሚችለው በላይ ላም ወደ ተራራው እንዳይሰድ ደነገጉ። የመንዝ ሰው የገደበው ዓመቱን ነው፤ የቶርበል ሰው የገደበው የላሙን ቍጥር ነው። በአንድ ነገር ግን ተስማሙ፤ ቶርበልም ከውጭ መጥቶ መሬት የገዛ ሰው በተራራው ግጦሽ መብት እንዳይኖረው በሕጓ ከልክላ ነበር። ሁለቱ ሕዝቦች አንዱ ስለ ሌላው ሳይሰማ፥ ባሕርና በረሓ ለይቷቸው ሳለ፥ አንድ ዐይነት አጥር አጠሩ። አሜሪካዊው ጋሬት ሃርዲን እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1968 ዓ.ም. የጋራ ግጦሽ ሁሉ ባለቤት ስለሌለው መጥፋቱ አይቀርም ብሎ ጽፎ በብዙ ሊቃውንት ዘንድ ተሰምቶ ነበር። የሀገሩ ልጅ ኤሊኖር ኦስትሮም ግን ቶርበልንና የመሰሏትን መንደሮች መርምራ፥ የጋራ የሆነ ሁሉ ባለቤት የሌለው እንዳልሆነ አስረዳች፤ ስለዚህም ሥራዋ በ2002 ዓ.ም. በኢኮኖሚ ትምህርት የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። መንዝ ለዚህ ነገር ምስክር ትሆን ዘንድ ትችል ነበር፤ በዚያን ጊዜ ግን ቀሮው ከፈረሰ ሠላሳ ዓመት አልፎት ነበር።

ቀሮው የፈረሰው እንዲህ ነው። የ1966ቱ አብዮት ንጉሠ ነገሥቱን ካወረደ በኋላ፥ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት የሚያደርግ ዐዋጅ ወጣ። በዐዋጁ ጢሰኝነት ቀረ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠውም መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ለሸዋና ለደቡብ ጢሰኛ ይህ ዐዋጅ ምን ያህል ታላቅ እንደ ነበረ የሚክደው የለም። አጽመ ርስት ግን አብሮ ተሻረ፤ አጽመ ርስት ሲሻር ደግሞ አባ ቀራው የቆመበት መሬት ከእግሩ በታች ሄደ። የአስቦና የጌራ ልጅ መሆን ከእንግዲህ ምንም አልነበረም። ከአጥሩ ውጭ የኖሩት ሰዎች «ለእኛም ይገባናል» ብለው ተነሡ፤ ፍርዱም ከእነርሱ ጋር ነበረ። ሆኖም አጥሩን ያፈረሰው ዐዋጅ በስፍራው የመጠበቂያ ሥርዓት አላቆመም። የሁሉ ከሆነ ዛሬ ያላጨድሁትን ነገ ሌላው ያጭደዋል የሚል ሐሳብ በሰው ልብ ገባ። ያን ጊዜ ትዕግሥተኛ መሆን ሞኝነት ሆነ፤ ሣሩ ሳይደርስ ታጨደ፥ ከብቱ ከአጨዳው ቀደመ፥ ጨረንፌውም ሰፋ።

እዚህ ላይ የመንዝ ሰው ያደረገው ነገር ከቀሮው ከራሱ ይልቅ የሚደነቅ ይመስላል። ሥርዓታቸው ሲፈርስ ሣሩን እያለቀሱ ዝም ብለው አልተቀመጡም። በዙሪያው ያሉት የገበሬ ማኅበራት ሰዎች ተመካክረው የጓሳ ኮሚቴ የሚባል ነገር አቋቋሙ። ኮሚቴ የሚለው ቃል የዘመኑ ቃል ነበር፤ በውስጡ ያለው ግን የአባ ቀራ ሥራ ነው፤ መዝጋት፥ ማስጠበቅ፥ መክፈት። የጥንቱ ሥርዓት ከነስሙ ቢመጣ የፊውዳል ርዝራዥ ተብሎ ይከሰስ ነበር፤ አዲስ ስም ለብሶ ሲመጣ ግን የመንግሥት ባለሥልጣኖች ተቀበሉት። ነገር ግን የተለወጠው ስሙ ብቻ አልነበረም። ባለ መብቱ ከእንግዲህ የአቅኚ ልጅ ሳይሆን በማኅበሩ የተመዘገበ ነዋሪ ሆነ፤ የጢሰኛውም ልጅ ማጭዱን ይዞ ከአስቦ ልጅ ጋር ተሰለፈ። ተካፋዩ ሲበዛ ድርሻው አነሰ፥ ጥበቃውም ከባድ ሆነ፤ ዝምድና ያስተሳሰረው የቀድሞው ፍርሃት እንደ ቀድሞው አልበረታምና። ቀሮው ወደ ጥንቱ መልክ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ሆኖም ደርግ ወድቆ ሌላ መንግሥት ሲመጣ ጓሳ ገና ሣር የሚታጨድበት ተራራ ነበረ። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ የአማራ ክልል መንግሥት ቦታውን በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ሥፍራ አድርጎ በሕግ አጸናው። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ በቃል የኖረው ነገር ያን ጊዜ በወረቀት ላይ ሰፈረ።

ጓሳን ዛሬ በዓለም ያስጠራው ሣሩ አይደለም፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ናቸው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ ሀገር የሌለ፥ ቍጥሩም በጠቅላላው ከአምስት መቶ ገደማ የማይበልጥ እንስሳ ነው። የሚኖረውም በደጋ ሣር መካከል የሚርመሰመሰውን አይጥ እያደነ ነው። ከሩቅ ሀገር ሰዎች ይህን ለማየት ይመጣሉ፤ ማኅበረሰቡም ለእንግዶች ማረፊያ አቁሞ ገንዘብ ያገኝበታል። ይሁን እንጂ አባ ቀራው ለቀበሮ ብሎ ያወጀው ዐዋጅ የለም። ሣሩ ለጣራ ተጠበቀ፤ በሣሩ ውስጥ አይጥ ኖረ፤ በአይጡ ቀበሮው ተቀለበ። ቀበሮው አንዳንድ ጊዜ የበግ ግልገል እንደሚነጥቅ እረኛው ያውቃል፤ እንኳን ለማየት ሲል ባሕር አቋርጦ የሚመጣ ሰው አለ ሲባል መጀመሪያ ሳቀ ይሆናል።

አሁን ያለው ጥያቄ ከሌላ አቅጣጫ የመጣ ነው። የመንዝ ቤት ቆርቆሮ እየለበሰ ሄዷል። ቆርቆሮ ዝናም አያስገባም፥ በየጊዜው አይለወጥም፥ ሣር ለማጨድ የሚጠፋውን ጉልበት ያተርፋል፤ ድሀው ገበሬ ቆርቆሮ ቢፈልግ የሚወቅሰው የለም። በየደጁ የተተከለው ባሕር ዛፍም የማገዶውን ችግር አቃሏል። ገመድም በየገበያው የሚሸጠው የፕላስቲክ ሆኗል፤ ገሳውን የላስቲክ ካባ ተክቶታል። እንግዲህ ለሦስት መቶ ዓመት ሰውን ያስጠበቀው ፍላጎት አንድ በአንድ ሲወድቅ፥ መጠበቁ በምን ይቆማል? ለጣራው ሲል የታገሠ ሰው ለቀበሮ ሲል ይታገሣልን? ከእንግዶች የሚገኘው ገንዘብ ለጥቂቱ ይደርሳል፤ ሣሩ ግን ለሁሉ ይደርስ ነበር። ከዚህም ጋር የወጣቱ ቍጥር ከማሳው ቍጥር በላይ ሆኗል፤ መሬት ያጣ ጐልማሳ ከታች ቆሞ ባዶ የሚመስለውን ተራራ ሲያይ፥ ገብስ ቢዘራበት ብሎ ማሰቡ አይቀርም። በዚያ ከፍታ ውርጩ ገብሱን እንደሚያቃጥለው፥ የታረሰው አፈርም በሁለት ክረምት ገደል እንደሚገባ አባቱ ሊነግረው ይችላል፤ የሚበላው ግን ሊሰጠው አይችልም። ይህን ጐልማሳ አጥፊ ብሎ መስደብ ቀላል ነው፤ ጥንት ከአጥሩ ውጭ የቆመው ጢሰኛም እንዲሁ ይሰደብ ነበር።

ደግነቱ ሣሩ ገና ፈላጊ አላጣም። ዛሬም በልግ ሲከዳ በሬው የሚተርፈው ከመንደሩ በታች ባለው ግጦሽ አይደለም፤ የላይኛው ሣር ሲከፈት ነው። የጓሳ ሣር በገበያ ይሸጣል፤ ቆርቆሮ መግዣ ያላገኘ ሰው፥ የከብት ቤትና የእህል ጎታ የሚከድንም ሁሉ ይገዛዋል። ስለዚህ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰውም ገበሬ ጓሳ ሲከፈት ማጭዱን ይዞ ይወጣል፤ ነዶውን አስሮ በአህያ ጭኖ ወደ መሐል ሜዳ ገበያ ያወርዳል፥ በሸጠበትም ገንዘብ ጨውና ለልጁ ደብተር ይዞ ይመለሳል።